አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያዩት ምድር፦ ሐይቅና አምባሰል ከደለሉ ሥር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለማረም ነው። አምና ኅዳር 26 ቀን፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዕረፍት በሚታሰብበት ዕለት፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን መርሐ ግብር ላይ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታሪክ እንዳስተምር ታዝዤ ነበር። ትምህርቱን ያማረ ለማድረግ ስል አንድ ሥዕል በቃል ሣልሁ፦ ጻድቁ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው ሲመጡ፣ ፀሐይ የማያስገባ የዝግባና የጥድ ደን ውስጥ ለውስጥ አቋርጠው ከውኃው ዳር ሲደርሱ። ከዚያም አንድ እርምጃ ጨመርሁ። ያ ደን እስከ ቅርብ ጊዜ እንደ ነበረ፣ አያቶቻችን እንደ ጨፈጨፉት፣ ረሀቡንም በገዛ መጥረቢያቸው እንደ ጠሩት ተናገርሁ። ሕፃናቱ በጽሞና አዳመጡ። እኔም ደስ ብሎኝ ወረድሁ።

ትምህርቱ ሲያበቃ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ከሐይቅ ማዶ ካለው ገጠር መጥተው ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ አባት፣ እጄን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ዲያቆን ልጄ፣ አትቀየመኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «እኔ በሰባ ሰባቱ ሁለት ወንድሞቼን የቀበርሁት ዛፍ ቆርጬ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። የነገርሁትን ከየት እንዳገኘሁት ራሴን ብጠይቅ፣ ከየትም አልነበረም፤ ሁሉም ስለሚለው ያልሁት ነበር። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና የተረዳሁትን ነው ለእናንተ የማቀርበው። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

አስቀድሞ ቦታውን ለማታውቁት። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተማውም ውኃውም አንድ ስም ነው ያላቸው፤ አባቶቻችን ለውኃው ሌላ መጠሪያ አላስፈለጋቸውም። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በተራሮች ተከብቦ የተኛው ይህ ውኃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በጥልቁ ቦታ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከደቡብ ምሥራቁ፣ ከፍ ብሎ፣ አርድቦ የተባለው ታናሽ ወንድሙ አለ። የአርድቦ ትርፍ ውኃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ወደ ሰሜን ስትመለከቱ የአምባሰል ገደላገደል ይታያል። ምድሩን የሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው፤ በኋላም የአፋር ዝቅታ ሲሰምጥ የደጋው ጠርዝ ተሰነጣጥቆ ጎድጓዳ ቦታዎችን ተወ። ሁለቱ ውኆች የተቀመጡት ከእነዚህ ጎድጓዶች በአንዱ ነው።

የአገሩ ሰው ግን አፈጣጠሩን በሌላ መንገድ ይተርካል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ስለ ግፉ ተቈጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወዳጆቿ ሰጠመች፤ ሴቲቱ የተቀመጠችበት ቦታ ደሴት ሆኖ ቀረ፤ ኋላም ገዳሙ ተተከለበት ይላል። ሴቶች የማይገቡበት ገዳም የቆመው የተበደለች ሴት በተቀመጠችበት መሬት ላይ ነው የሚለው ትረካ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ይህን ትረካ የማነሣው እንደ ጂኦሎጂ አይደለም። የአገሩ ሕዝብ መሬቱ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚፈልገው የበደለውን ሰው መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። እኔም አምና ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ልዩነቱ በልዕልቲቱ ፈንታ ገበሬውን ማስቀመጤ ብቻ ነው።

ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም ብያለሁ። ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ጸጋ ነው። ከዙሪያው ተራራ በጎርፍ የታጠበ አፈር፣ በነፋስ የመጣ የአበባ ብናኝ፣ ከተቃጠለ ሜዳ የተነሣ የከሰል ቅንጣት ሁሉ ከታች ይዘቅጣል፤ በየዓመቱም አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራል። የአበባ ብናኝ ደግሞ ቅርፊቱ ጽኑ በመሆኑ ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ለሺሕ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቈያል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም የጥዱ ከወይራው፣ የሣሩ ከክትክታው ይለያል። ስለዚህ ረጅም ቱቦ ወደ ደለሉ ሰድዶ ጭቃውን እንደ ተነባበረ ማውጣት፣ ዕድሜውን በራዲዮካርበን መለካት፣ በየንብብሩ ያለውን ብናኝ መቍጠር ይቻላል። እያንዳንዱ ንብብር የዘመኑን ዕፀዋት ይመሰክራል። በእኛ ቤተ መጻሕፍት እንደ ብራና ገልጠን የምናነበው መዝገብ እንዳለ ሁሉ ውኃውም ከሥሩ የራሱን መዝገብ ሲጽፍ ኖሯል ማለት ነው።

ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብ እና ኢትዮጵያዊው መሐመድ ዑመር ይህን ሥራ በሐይቅና በአርድቦ ላይ ሠርተው በ2003 አሳትመውታል። እኔ ያገኘሁት ለጂኦግራፊ ትምህርት የቤት ሥራ ስፈልግ ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ካነበብሁ በኋላ የቤት ሥራውን ረሳሁት።

ያገኙት እንዲህ ነው። ከ3,000 ዓመት በፊት በዚህ ምድር በእርግጥ የዝግባና የጥድ ደን ነበረ። ክርስቶስ ከመወለዱ 500 ዓመት ገደማ በፊት ግን ደኑ ተመነጠረ። በምትኩ ክትክታና ሣር ምድሩን ያዙት። ክትክታ የተመነጠረ መሬትን ቀድሞ የሚይዝ፣ ደረቅና ስስ አፈር የማያስፈራው ቍጥቋጦ መሆኑን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ይህም ክትክታና ሣር 1,800 ዓመት ያህል ቈየ። ከዚያ በኋላ፣ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ዘመን ውስጥ፣ ጥዱ ከወይራ ጋር ተመልሶ መጣ። የመጨረሻዎቹ 300 ዓመታት ደግሞ እንደ ገና የምንጠራና የአፈር መታጠብ ዘመን ናቸው።

አሁን ይህን ከእኛ የዘመን ቍጥር ጋር አስተያዩት። የመጀመሪያው ምንጠራ የተፈጸመው ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም ከመምጣቱ ከ800 ዓመት በፊት ነው። ስማቸው ያልተጻፈ፣ ቋንቋቸውን የማናውቀው ገበሬዎች እነዚህን ተዳፋቶች አርሰው፣ ከብት አሰማርተው፣ እሳት ለኩሰው ኖረዋል። በትውፊት ገዳሙ በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ድልናዓድ ዘመን ተመሠረተ ሲባል፣ ያኔም ዙሪያው ክትክታና ሣር ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 ገደማ ሲደርሱም እንዲሁ። እኔ በሕፃናቱ ፊት የሣልሁት ጨለማ ደን አልነበረም። ጻድቁ ያዩት ለዘመናት የታረሰና የተጋጠ፣ ብርሃን የሞላበት ገላጣ ምድር ነው፤ በመካከሉም ጥልቅ ውኃ።

ይህ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የገዳሙን ታሪክ ራሱን ለወጠው። እስከ አሁን ሐይቅን የማስበው ከሰው የራቀ፣ በዱር የተሸሸገ የባሕታውያን ስፍራ አድርጌ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የመጡት ገበሬና እረኛ ወደ ሞላበት አገር ነው፤ ከዓለም የለያቸው ደን ሳይሆን ውኃ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ሐይቅ እንዲያ ያለ ትምህርት ቤት ለመሆን የቻለው። ተማሪ የሚመጣበት መንገድ፣ መነኮሳቱን የሚመግብ እርሻ፣ ብራና የሚፋቅበት የፍየልና የበግ ቆዳ በዙሪያው ነበረ። በገድላቸው እንደሚነገረው ጻድቁ ሌሊት ከውኃው ገብተው ይጸልዩ ነበር፤ ቀን ደግሞ ያስተምሩ ነበር። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖትና የዳጋ እስጢፋኖሱ አቡነ ኂሩተ አምላክ ይገኛሉ። በዘመናቸው የተጻፈውና ሥዕላቸው ያለበት ወንጌል እስከ ዛሬ በገዳሙ ይገኛል፤ ከ1270 ወዲህም የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ከነገሥታቱ ዋና አማካሪዎች አንዱ ሆኖ ለሁለት መቶ ተኩል ዓመታት ቈይቷል። ከሰው የራቀ ገዳም ይህን ሁሉ አይሆንም።

ደኑ ለምን ተመለሰ? ተመራማሪዎቹ ዝናሙ መጨመሩንና የሕዝቡ ቍጥር መቀነሱን እንደ ምክንያት ይገምታሉ። ይህን ሳነብ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው የኢማም አሕመድ ጦርነት ነው፤ ብዙዎቻችሁም እንደዚያ እንደምታስቡ አልጠራጠርም። በ1531 የኢማሙ ሠራዊት ሐይቅ ደርሶ፣ ወደ ደሴቱ ለመሻገር ታንኳ አሠርቶ እንደ ነበር የዘመቻው ጸሐፊ ዓረብ ፋቂህ ጽፎታል፤ መነኮሳቱም የገዳሙን ሀብት አስረክበዋል። ነገር ግን ጥዱ መመለስ የጀመረው በ1400 ገደማ ነው፤ ጦርነቱ ከመምጣቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ። አሁንም የምንወቅሰውን ሰው ለማግኘት መቸኰል የለብንም። ጦርነቱና እርሱን የተከተለው የሕዝብ ፍልሰት ብዙ እርሻ አስጥሎ ለደኑ ጊዜ ሰጥቶት ይሆናል፤ የጀመረው ግን እርሱ አይደለም።

ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ውኃ ጽፏል። ገዳሙን በደሴት ላይ፣ በውስጡም ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ ተተክሎበት፣ በውኃው ውስጥም ጉማሬ እንዳለ ይተርካል። ዛሬ በሐይቅ ጉማሬ የለም። ወደ ገዳሙም የሚኬደው በእግር ነው፤ ውኃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብሱ ጋር ስለ ተያያዘ ልሳነ ምድር ሆኗል።

ስለ አምባሰል ጥቂት ልበል፤ በቅርቡ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋልና። በዚያ አገር ተራራው ራሱ ሥራ ነበረው። ዙሪያው ገደል የሆነው አምባ ግሸን ለዘመናት የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁበት ወኅኒ ሆኖ ኖሯል፤ በትውፊታችንም በ1446 ዓ.ም. መስከረም 21 ቀን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ግሸን ደብረ ከርቤ እርሱ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ የሚወጣው ምእመን የሚረግጠው መንገድ በተራራው ጎን ላይ ያለ የሰው ልጅ ታሪክ ነው። ከዚያው ከአምባሰል ውጫሌ ደግሞ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ።

«ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የአገራችን መሬት በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ብቻ ቀርቷል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ ተማሪ የለም። እኔም በትምህርት ቤት ለፈተና አጥንቼዋለሁ። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ይህ ቍጥር ከየት እንደ መጣ ተከታትሎ፣ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የተቀባበለው እንጂ በልኬት ላይ የቆመ እንዳልሆነ አሳይቷል። ወሎን በተመለከተ ደግሞ ዶናልድ ክራሚ በ1998 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ አለ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ በወሎ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዞ፣ በ1990ዎቹ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆሞ እንደ ገና አነሣቸው። የጠበቀው የደን ጥፋት ነበር፤ ያገኘው ግን ብዙዎቹ ቦታዎች ከስድሳ ዓመት በፊት ከነበራቸው ይልቅ ብዙ ዛፍ እንዳላቸው ነው። አብዛኛው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ የተከለውም ገበሬው ነው።

ባሕር ዛፍ ጥድን አይተካም የሚለኝ ይኖራል፤ እኔም አልክድም። አፈሩ አልታጠበም ማለቴም አይደለም፤ የሐይቅ ደለል ራሱ ያለፉት ሦስት መቶ ዓመታት የአፈር መታጠብ የበረታባቸው መሆናቸውን ይመሰክራል። የምለው ይህ ነው፦ እነዚያ ሽማግሌ የተወለዱበት መሬት እርሳቸውም፣ አባታቸውም፣ አያታቸውም ሳያዩት በፊት የተመነጠረ መሬት ነበር። ያልነበረ ደን አልጨፈጨፉም።

ረሀቡስ? በ1966 ዓ.ም. ረሀብ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ አምባሰል ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ያንን ዘመን ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይወጣ እንደ ነበር አስተውሏል። ዝናሙ በመቅረቱ ምርቱ የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አጣ፤ እህሉም ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። መንግሥትም ጉዳዩን ሸሸገ። የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ደግሞ ከድርቁ በላይ ጦርነትና የዘመኑ ፖሊሲ የተጨመረበት ነው። ይህን ሁሉ ትቶ «ዛፍ ስለ ቆረጡ ተራቡ» ማለት በሟቾች ላይ የሐሰት ምስክርነት ነው። እኔ ያንን የተናገርሁት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ለሕፃናት፣ ወንድሞቹን በቀበረ ሰው ፊት ነው።

በእኛ ዘመን በእርግጥ የተለወጠውን ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ውኃው ይመልከት። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ለአካባቢው ሕዝብ ምግብ እንዲሆን ተብሎ ቆሮሶ ዓሣ ወደ ሐይቅ ተጨመረ። አሳቡ በጎ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ዓሣ አስጋሪዎች የሚኖሩት በእርሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ነጭ ሰሌዳ ወደ ውኃው ሲወርድ እስከ ዘጠኝ ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ ይታይ ነበር። በኋላ የተለኩት ልኬቶች ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ናቸው። አረንጓዴውን ዋቅላሚ ይበሉ የነበሩት ጥቃቅን የውኃ እንስሳት በአዲሱ ዓሣ ምክንያት ሲመናመኑ ዋቅላሚው በዛ፤ ከእርሻው የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያም እንደሚያግዘው አያጠራጥርም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሌሊት የቆሙበት ውኃ እስከ አያቶቻችን ዘመን ድረስ ያው ጥሩ ውኃ ነበር። የደፈረሰው በአንድ ትውልድ ነው። ስለ ደኑ የተናገርሁት ሐሰት ሆኖ ሳለ ስለ ውኃው አንዲት ቃል አለመናገሬ ያሳፍረኛል፤ ያለቀስሁት ባልጠፋው ላይ ነበር።

በውኃው ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም መሆኑን ታውቃላችሁ። ከአንከርካ ውኃ ጠልፎ የሚያጠጣው፣ ከብቱን በዳርቻው የሚያሰማራው፣ ከገዳሙ ጋር ለዘመናት ጎረቤት ሆኖ የኖረው እርሱ ነው። እኔ «አያቶቻችን ጨፈጨፉት» ስል የእርሱንም አያቶች ነበር የወቀስሁት፤ እነርሱ ደግሞ መልስ ሊሰጡ በአዳራሹ አልነበሩም። የውኃው ጉዳይ ከተነሣ ግን ያለ እነርሱ የሚደረግ ነገር የለም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ሽማግሌውን በልጃቸው ቤት ሄጄ አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ያነበብሁትንም እንደሚገባቸው አድርጌ አስረዳኋቸው፦ ስለ ደለሉ፣ ስለ ብናኙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ ተመነጠረው ዝግባ፣ ከዚያም 1,800 ዓመት ስለ ቈየው ክትክታ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «ይህን ሁሉ ከጭቃው አገኙት?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ» አልኋቸው።

ጥቂት አሰቡና ሣቁ። «ክትክታውስ ምን መቈፈር አስፈለገው? ዛሬም ከቤቴ ጀርባ አለ። እናቴ ቤታችንን ስትሠራ ግድግዳውን የማገረችው በእርሱ ነው» አሉኝ። ዘንድሮ ኅዳር 26 ቀን መርሐ ግብሩ ላይ እንዲገኙና እርሳቸው ራሳቸው ለሕፃናቱ እንዲነግሩልኝ ለመንኋቸው። ጉልበታቸው ከፈቀደ እመጣለሁ ብለውኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።